ዓሣ ሲዋኝ ማን ያዘዋል?

በዓመት በዓል ዶሮ ሲታረድ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። አንገቷ ከተቆረጠ በኋላም ዶሮዋ ክንፏን ታራግባለች፣ እግሯ ይወራጫል። ጭንቅላት ከሌለ ታዲያ ማን ነው የሚያዛት? እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ እንጂ የባዮሎጂ አይደለሁም። ሆኖም በዚህች አጭር ጽሑፍ መልሱን በዓሣ ዋና አማካይነት፣ እኔን በገባኝ መንገድ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ተምጫ ወንዝ ዳር ያደግን የደምበጫ ልጆች ዓሣ ሲዋኝ እናውቃለን። ቀኝ ጎኑ ሲኮማተር ግራው ይላላል፣ ከዚያ ተራው ይቀየራል። መታጠፉም ከራስ ወደ ጅራት እንደ ማዕበል ይወርዳል። የጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣዎች በክረምት ዕንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ግልገል ዓባይ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ለዚህ ሁሉ መንገድ አንጎል እያንዳንዷን የጅራት ምት ለብቻ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሥራ ባልሠራ ነበር።

ምቱ የሚፈጠረው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1911 ቶማስ ግራሃም ብራውን የተባለ የብሪታንያ ተመራማሪ የድመት ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ተለይቶም የእርምጃ ምት እንደሚያመነጭ አሳየ። በኋላ ደግሞ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ስቴን ግሪልነር ላምፕሬ የሚባለውን፣ መንጋጋ የሌለውንና እንደ እባብ የረዘመውን ዓሣ ለረጅም ዓመታት አጠና። ሕብለ ሰረሰሩ ከአካሉ ወጥቶ ፈሳሽ ባለበት ሳህን ላይ ተቀመጠና ነርቭ የሚያነቃቃ ኬሚካል ተጨመረበት። እንዴ! የዋናውን ምት ማመንጨት ጀመረ። አንጎልም ጡንቻም አልነበረም።

አሠራሩን ለመረዳት ማኅሌትን ማሰብ በቂ ነው። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆመው ይቀባበላሉ፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። በሕብለ ሰረሰር በእያንዳንዱ ክፍልም ግራና ቀኝ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጎን ይቀሰቅሳሉ፤ ሌሎቹ ግላይሲን በሚባል ኬሚካል ተቃራኒውን ጎን ዝም ያሰኛሉ። ቀስቃሾቹ ሲደክሙ ዝም የተባለው ነፃ ይወጣና ይቀበላል። የኋለኛው ክፍል ከፊተኛው በጥቂቱ ዘግይቶ ስለሚነሳ ማዕበሉ ወደ ጅራት ይወርዳል። አንጎል እንደ መሪጌታው ነው፤ "ጀምሩ፣ አፍጥኑ፣ አቁሙ" ይላል እንጂ የእያንዳንዱን አፍ አይከፍትም።

ፍጥነትስ? ዜብራፊሽ በተባለች ትንሽ ዓሣ ላይ እንደታየው፣ ቀስ ብላ ስትዋኝ የተወሰኑ ሕዋሳት ብቻ ይሠራሉ። ስትፈጥን ሌሎች ይጨመራሉ፤ ልክ እንደ መኪና ማርሽ።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

የሰው ሕብለ ሰረሰርም ለእርምጃ የሚያገለግሉ እንዲህ ያሉ ሕዋሳት አሉት። ሰው ከዛፍ ወድቆ ወገቡ ሲጎዳ "በቃ፣ እግሩ ሞተ" ይባላል። ነገር ግን ከቁስሉ በታች ያሉት ሕዋሳት ብዙ ጊዜ በሕይወት አሉ፤ የተቋረጠው ከአንጎል የሚመጣው መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በስዊዘርላንድ ሎዛን የግሬጏር ኩርቲን ቡድን የጥቂት ሕሙማንን ሕብለ ሰረሰር በኤሌክትሪክ እያነቃቃ፣ ከብዙ ልምምድ ጋር፣ በድጋፍ እንዲራመዱ ማድረጉን አሳውቋል።

ዜብራፊሽ የተቆረጠ ሕብለ ሰረሰሯን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ መልሳ ትቀጥላለች። እኛ ይህ ስጦታ የለንም። ባደግሁበት አካባቢ የወደቀ ሰው ሲነሳ ያየሁት በብብቱና በእግሩ ተንጠልጥሎ ነው። ይህ በከፊል የተጎዳውን መስመር ጨርሶ ሊበጥሰው ይችላል። ስለዚህ ሌላ አደጋ ከሌለ ሰውየውን አናንቀሳቅሰው። ማንሳት ግድ ከሆነ ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው ቀጥ እንዳሉ ብዙ ሆነን በአንድ ጊዜ እናንሳው፤ ቃሬዛውም የማይረግብ ጣውላ ይሁን።

ቸር ይግጠመን!