በአፍንጫ በኩል የሚደረግ የራስ ቅል ወለል ቀዶ ሕክምና

የራስ ቅል ወለልና የሚሸከመው

አንጎል የሚያርፍበት አጥንት የራስ ቅል ወለል ይባላል። ከላዩ አንጎል፣ ከሥሩ የአፍንጫ ጣሪያ ነው። በመካከሉ ፊትና ኋላው ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ያለ ስፍራ አለ፤ ኮርቻ ስለሚመስል ሐኪሞች ‹የቱርክ ኮርቻ› ይሉታል። በኮርቻው ላይ የተቀመጠችው ፒቱታሪ ናት፦ ሽምብራ የምታህል፣ ግማሽ ግራም ያህል የምትመዝን፣ ዕድገትን፣ የወር አበባንና የጡት ወተትን በሆርሞን (በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ንጥረ ነገር) የምታዝ ዕጢ።

አማርኛ ‹ዕጢ› የሚለውን ቃል ለጤነኛው ሆርሞን አመንጪ አካልም፣ ያለ ቦታው ለሚያድገው ነገርም ይጠቀምበታል። ብዙ ድንጋጤ የሚመጣው ከዚህ መደበላለቅ ነው፤ ፒቱታሪ የሌለው ሰው የለምና። ከዚህ በታች ‹ዕጢ› ጤነኛዋ፣ ‹እባጭ› ደግሞ በሽታው ነው። በፒቱታሪ ላይ የሚወጡ እባጮች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ የሚጎዱት አጠገባቸው ያለውን በመጫን ወይም ሆርሞንን በማዛባት ነው።

የዳር እይታ የሚጠፋበት ምክንያት

ከዕጢዋ በላይ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ። ከእያንዳንዱ ዓይን በአፍንጫ ወገን ካለው ግማሽ የሚነሱት ክሮች እዚያ ወደ ተቃራኒው የአንጎል ክፍል ይሻገራሉ፤ የሚያሳዩት ደግሞ የውጩን ዳር ነው። እባጩ ከሥር ሲገፋ ቀድሞ የሚጨቆነው ይኸው መሻገሪያ ስለሆነ ታማሚው ፊት ለፊቱን እያየ ግራና ቀኙን ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ መንገድ ሲሻገር የሱቁን ታፔላ አጥርቶ ያነባል፤ ከጎን የምትመጣውን ባጃጅ ግን የሚያውቃት አጠገቡ ደርሳ ጥሩንባ ስትነፋ ነው። መነጽር ቢለዋወጥም ለውጥ የለም፤ ጉድለቱ የነርቩ ነውና።

የዳር እይታ መጥፋቱን ለማወቅ መርማሪው በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ይቀመጣል። ታማሚው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ የመርማሪውን ዓይን ትኩር ብሎ እያየ፣ ጣቶች ከዳር ወደ መሐል ሲመጡ መቼ እንደታዩት ይናገራል። ይህ በዓይን ሕክምናው በሚታወቀው የደሴ ጎረቤት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊደረግ ይችላል፤ ምንም ሳያስወጣ ይህን ያህል የሚናገር ምርመራ ጥቂት ነው። ጫማና ቀለበት እየጠበበ መሄዱ፣ ያለ እርግዝና የወር አበባ መቅረቱና ወተት መፍሰሱም ወደዚችው ዕጢ ይጠቁማሉ። የእባጩን መጠን የሚያሳየው ኤም አር አይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ነው።

አፍንጫ መንገድ የሆነበት ምክንያት

ከአፍንጫ በስተኋላ ስፊኖይድ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላው ክፍት ቦታ አለ፤ ከኮርቻው የሚለየው ስስ አጥንት ብቻ ነው። በራስ ቅል በኩል ለሚገባ ሐኪም አንጎልን ገለል ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ በአፍንጫ ሲገባ ግን እባጩ ከሥሩ ይገኛል። መንገዱን እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስትሪያዊው ሄርማን ሽሎፈር ከፈተው። ያስቸገረው ማየቱ ነበር። ማይክሮስኮፕ እንኳ ከውጭ ሆኖ በቀጥታ መስመር ብቻ ያያል። ኢንዶስኮፕ (ጫፉ ላይ ብርሃንና ሌንስ ያለው ቀጭን ዘንግ) ግን ዓይኑን ራሱን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጫፉ በ30 ወይም በ45 ዲግሪ የተቀረጸው ደግሞ ጥግ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዘዴው በአሜሪካዋ ፒትስበርግና በሌሎች ከተሞች ተስፋፋ።

ከአንገት በላይ ሐኪምና የነርቭ ቀዶ ሐኪም አብረው ይሠራሉ፤ አንዱ ምስሉን ይይዛል፣ ሌላው በሁለት እጁ እባጩን ከውስጥ እየፋቀ ያወጣል። በግራና በቀኝ አንጎልን የሚመግቡት ትልልቅ የደም ሥሮች ስላሉ የሚያስፈራው ወደ ጎን መሳት ነው።

የተከፈተው የሚደፈንበት መንገድ

አንጎል በፈሳሽ ተከቧል። ወለሉ ከተቀደደ ፈሳሹ በአፍንጫ ይወርዳል፤ በዚያው ቀዳዳ ጀርም ገብቶ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ቀዳዳው ከሆድ ወይም ከጭን በተወሰደ ስብ ይሞላል፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ከአፍንጫ መሐል ግድግዳ ደም ሥሩ ሳይቆረጥ የተገፈፈ ልባስ ይለጠፍበታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ዘዴ የፈሳሽ መፍሰስን በእጅጉ ቀንሷል። ታማሚው ለሳምንታት አይናፈጥም፤ ቢያስነጥስም አፉን ከፍቶ ነው። ጥማትና ሽንት ቢበዛበት ዕጢዋ ተነክታ ሊሆን ስለሚችል ይመረመራል።

ቢላ የማይቀድምበት ጊዜ

የጡት ወተት ሆርሞን የሚያመነጨው እባጭ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ካበርጎሊን ባለ ኪኒን ይሟሽሻል፤ ስለዚህ የሆርሞን የደም ምርመራ ከቀዶ ሕክምና ይቀድማል። ይህ ሳይታይ ወደ ቢላ መሮጥ ስህተት ነው። ከደም ሥሮቹ ባሻገር ወደ ጎን የተስፋፋ እባጭ ደግሞ በአፍንጫ ብቻ አይደረስበትም።

በኢትዮጵያ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሯል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የጣቱ ምርመራ ግን እዚያው ደሴና ኮምቦልቻ ያልቃል። ቀኑ ዋጋ አለው፦ ለረጅም ጊዜ የተጫነ ነርቭ እባጩ ከወጣለት በኋላም እይታው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።