ስኳርና ደም ብዛት በእርግጥ የሀብታም በሽታ ነውን?



«ስኳርና ደም ብዛት የሀብታም በሽታ ነው» የሚለውን አባባል በጎንደር ገበያ፣ በሰርግ ቤት፣ በመስጂድ ደጃፍ፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ እሰማዋለሁ። ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ያታልላል። ድሃው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ሳይመረመር ይቀራል። ኑሮው የተሻለው ደግሞ ሆዱ ሲገፋ «ማሻአላህ፣ ተመችቶሃል» ስለሚባል ውፍረቱን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። ታዲያ ይህ በሽታ በእርግጥ የማን ነው? ዛሬ ከእናንተ ጋር ላነሳው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

በቅድሚያ «ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች» የሚባሉት የትኞቹ እንደሆኑ እንይ። እንደ ኮሌራና እንደ ሳንባ ነቀርሳ ካንዱ ወደ ሌላው የማይጋቡ፣ ቀስ ብለው የሚገቡ፣ ከገቡም በኋላ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ የሚከተሉ ናቸው። የልብና የደም ሥር በሽታ፣ ስኳር፣ ካንሰርና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ዋነኞቹ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ ከሚደርሰው ሞት ከመቶ 39 ያህሉ በእነዚህ ሳቢያ መሆኑን ገምቷል።

ጥናቱ ምን ይላል?

ስለ እኛው አካባቢ የተጻፈ ነገር ስላለ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች መካከል ከመቶ 28.3 የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ መገኘቱን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተመሳሳይ የዕድሜ ክልል የስኳር በሽታ በከተማ ከመቶ 5.1፣ በገጠር ከመቶ 2.1 መሆኑን አረጋግጧል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። በዚሁ ጥናት ስኳር ከተገኘባቸው ከአስሩ ወደ ሰባት የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር። በገጠር ሲሆን ሳያውቁ የኖሩት ከአስሩ ከስምንት ይበልጣሉ። ደም ብዛትም እንዲሁ ነው፤ አያምም፣ አያስተኛም፣ አይጮኽም። አንድ ቀን ግን ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት መድከም ሆኖ ብቅ ይላል።

በተራራው ላይ ያለው ስኳር

«ገጠሬው በእግሩ ይሄዳል፣ ገብስና ባቄላ ይበላል፣ እንዴት ስኳር ይይዘዋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አባባላችንን ከሥሩ ይነቅለዋል። የጎንደር ሐኪሞች ከአካባቢው ገጠር የሚመጡትን የስኳር ሕሙማን ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ከእነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣት፣ ከሲታና በድህነት የኖሩ ወንዶች መሆናቸውን አመልክተዋል። ጥጋብን የማያውቅ ሰው ስኳር ያዘው ማለት ነው! ሐኪሞቹም «በልጅነት የደረሰ የምግብ እጥረት ለዚህ በሽታ ያጋልጥ ይሆን?» የሚለውን የቆየ ጥያቄ እንደገና አነሱ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አኗኗር ስንናገር በሽተኛውን ሁሉ «በገዛ እጅህ ያመጣኸው ነው» እንዳንል ነው። የደባርቅ ወይም የዳባት ወጣት ገበሬ የሚያስፈልገው ስብከት አይደለም። ሆዱን የሚሞላ እህል፣ የማይቋረጥ ኢንሱሊንና በእግሩ የሚደርስበት ጤና ጣቢያ ነው። መንገድ በተዘጋና ጸጥታ በደፈረሰ ቁጥር መድኃኒቱ የሚቋረጥበት ይህ ወጣት ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ «በሚቀጥለው ወር ይደርሳል» የሚባል ነገር አይደለም። ምርጫ ያለን እኛ የከተማ ሰዎች ነን። ስለዚህም ስለ ምርጫችን የምንጠየቅ እኛው ነን።

በከተማ ምን ተለወጠ?

አባቶቻችን ከአዲስ ዓለም ቅዳሜ ገበያ፣ ከፒያሳ ማራኪ በእግራቸው ይወጡና ይወርዱ ነበር። ዛሬ ለአንድ ፌርማታ ባጃጅ እንይዛለን። ነጋዴው ከጧት እስከ ማታ ሱቁ ውስጥ፣ ሠራተኛው ከጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣል። ጡንቻ ሳይሠራ ሲቀር ከደም ውስጥ የሚወስደው ስኳር ይቀንሳል፣ የተረፈው ወደ ስብ ይለወጣል፣ በሆድ አካባቢ የሚከማቸው ስብ ደግሞ ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርገዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ደህና አድርጎ መንቀሳቀስን ይመክራል። ይህ ማለት በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። የጎንደር ዳገት ሳለ ስፖርት ቤት የግድ አይደለም።

ወደ ማዕዳችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ጨው በወጡ ውስጥ አለ፣ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ አስቀድሞ ይገባል፣ ቡናን በጨው የሚጠጣም አለ። ለስላሳ መጠጥም ተለምዷል። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዘው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ሻይን በሰባት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው ብናይ እንስቅበት ነበር። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ከስቡ ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን የሚጎዳው ዓይነት ነው።

በርጫውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አብሮት ረጅም መቀመጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ፣ ብዙውን ጊዜም ሲጋራ ይመጣል፤ በመጨረሻም እንቅልፍ ይጠፋል። ሲጋራን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በገዛ ቤታችን በልጆቻችን ፊት የሚጨሰውን ግን ከልካዩ እኛው ነን።

ረመዷንና ሕመምተኛው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን አንድ ሦስተኛ ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛ ለመጠጥ፣ አንድ ሦስተኛ ለትንፋሽ መተው እንደሚበቃ ማስተማራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በብዙ ቤት ከምንጊዜውም በላይ ዘይትና ስኳር የሚበላው በረመዷን ነው። ሳምቡሳው፣ ጣፋጩ፣ ጭማቂው ቀኑን ሙሉ ባዶ በዋለ ሆድ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በተምርና በውኃ አፍጥሮ፣ መግሪብን ሰግዶ፣ ከዚያ ሾርባና መጠነኛ እራት መብላት ለጤነኛውም ለበሽተኛውም ይበጃል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ኢንሱሊን የሚወስዱ ወገኖቻችን ነገር ነው። አንድ የማውቃቸው አዛውንት ሐኪም እንዳይጾሙ ቢነግራቸውም ጾመው ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ሳቱ። «ሐጂ፣ ሐኪሙ የነገረዎት ሌላ አልነበረም?» ብላቸው «ልጄ፣ ሐኪሙ የሚያውቀው ስኳሬን ነው፤ እኔ የማውቀው ጌታዬን ነው» አሉኝ። እምነታቸውን አከበርኩት። ይሁን እንጂ ጾምን ያዘዘው ጌታ በዚያው ትእዛዝ ውስጥ ለታመመ ሰው ፈቃድ አልሰጠምን? በመጨረሻ የሰፈራቸው ኢማም የሐኪሙን ምክር እንዲቀበሉና በየቀኑ አንድ ምስኪን እንዲያበሉ በነገሯቸው ጊዜ ልባቸው ረጋ። ሐኪምና ኢማም አንድ ቃል ሲናገሩ ሕይወት ይተርፋል።

ሐኪም ፈቅዶለት የሚጾም የስኳር ሕመምተኛም መድኃኒቱን የሚወስድበት ሰዓትና መጠን ከረመዷን በፊት ይስተካከልለት። ጣትን ወግቶ ደምን መመርመር በብዙ ዑለማእ ዘንድ ጾምን አያበላሽም። ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ሳይዘገይ ማፍጠር እንዳለበት ሐኪሞች ይመክራሉ።

እግራችንን እንመልከት

በደጋው አገራችን ሌላም አኗኗር የሚያመጣው በሽታ አለ። ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው፣ በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የእግር እብጠት ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። እርግማንም አይደለም፣ አይተላለፍምም። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ አዋቂዎች እንዳሉበት ይገመታል። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። በበሽታው የተያዘውን ሰው ከሰርግና ከጉርብትና ማራቅ ግን ከሕመሙ የከፋ በደል ነው።

የስኳር ሕመምተኛም እግሩ ስለሚደነዝዝ ቁስሉን ሳያውቅ ይከርማል፣ በመጨረሻም እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ለዚህ ሙስሊሙ በእጁ ያለ መድኃኒት አለው። በውዱእ ጊዜ በቀን ደጋግመን እግራችንን እናጥባለን። በዚያች ቅጽበት ውስጥ እግሩን ከላይም ከታችም ቢመለከት፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት ቢያደርቅ፣ ቁስል ካየም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ቢሄድ እግሩን ያድናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አካላችን አማና ነው፤ በላያችን ላይ መብት አለው። ዕድሜው 35 ያለፈ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ። የቤት እመቤቷ ከወጡ ላይ ጨውን በትንሽ በትንሹ ትቀንስ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል። አባወራው ወደ መስጂድ በእግሩ ይሂድ፣ ከልጆቹም ፊት ሲጋራውን ይጣል። የመስጂድ ኮሚቴዎች ደግሞ ከጁሙዓ በኋላ ግፊት የሚለኩ የጤና ባለሙያዎችን ቢጋብዙ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። አቅም ያለን ደግሞ ሰደቃችን የአንድ ድሃ ሕመምተኛ የወር መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል እናስብ።

እንግዲህ በሽታው የሀብታምም የድሃም ነው። በሀብታሙ በጥጋብ በኩል፣ በድሃው በችግር በኩል ይገባል። አንደኛውን በር እያንዳንዳችን በቤታችን እንዝጋ፤ ሁለተኛውን ግን ተባብረን ካልሆነ አንዘጋውም። አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ጤነኞቹንም ይጠብቅልን። አሚን!

ወቢላሂ ተውፊቅ።