ወገብ ተወግቶ ልብ ለምን ይደክማል?

ከደባርቅ ወይም ከዳባት በአምቡላንስ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደረሰች ወላድ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች ሲባል፣ ቤተሰቧ ቀድሞ የሚሰጋው ለማደንዘዣ ለሚወጋው ወገቧ ነው። «መርፌው ዕድሜ ልኳን ያሳምማታል» ይላሉ። እኔ ግን አጥብቀው እንዲጠይቁ የምፈልገው ስለ ልቧ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚወጋው ቡፒቫኬይን የሚባል መድኃኒት ነው፤ መጠኑም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። መድኃኒቱ ሕመም የሚያስተላልፉትን ነርቮች ሲያደነዝዝ የደም ሥሮችን አጥብበው የሚይዙትንም አብሮ ያደነዝዛል። ሥሮቹ ሲላሉ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል፣ ግፊትም ይወድቃል። መድኃኒቱ ወደ ደረት ከፍ ካለ ደግሞ የልብን ምት የሚያፋጥኑት ነርቮች ይደነዝዛሉ፤ ምቱ ይዘገያል፣ አልፎ አልፎም ልብ እስከ መቆም ይደርሳል። በምጥ ሰንብታ ውሃ የጠማት፣ ወይም ደም የፈሰሳት እናት ላይ ይህ ይብሳል። ማኅፀኗ ትልቁን የደም መላሽ ሥር እንዳይጫነው ወደ ግራ ጎኗ ዘንበል የሚያደርጓትም ለዚሁ ነው።

የማደንዘዣ ባለሙያው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግፊቷን ደጋግሞ ይለካል። በተለምዶ ግሉኮስ የምንለው ፈሳሽ፣ ኤፌድሪን፣ አትሮፒን፣ አድሬናሊን አጠገቡ ይሆናሉ። እሷ ግን ነቅታለችና ከሞኒተሩ ቀድማ ልታውቅ ትችላለች፤ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን መጨለም፣ የትንፋሽ ማጠር ሲሰማት ወዲያው ትናገር። ባለሙያ አስቸግራለሁ ብላ ዝም የምትል እናት ታሳስበኛለች።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ በቁርጥማት ትኩሳት ሳቢያ የጠበበ የልብ ቫልቭ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶች ይህ ሕመም አለባቸው፤ አንዳንዷ የምታውቀው እርግዝናው ልቧን ሲያጨናንቀው ነው። ቫልቩ የጠበበ ልብ የግፊት መውደቅን መቋቋም አይችልም፤ ስለዚህ ማደንዘዣው ሌላ ዓይነት እንዲሆን ወይም በጥቂት በጥቂቱ እንዲሰጥ ሊወሰን ይችላል። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠሩን በደጋው ወይም በእርግዝናው ማሳበብ ቀላል ነው። የቁርጥማት ትኩሳት እንዳይመለስባት በየወሩ ቤንዛቲን የምትወጋ፣ ወይም በልጅነቷ «ልብ አለባት» የተባለች ሁሉ ከመርፌው በፊት ትናገር።

የመድኃኒት መሳሳትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ደም ለማቆም የሚሰጠው ትራኔክሳሚክ አሲድ በቡፒቫኬይን ፋንታ ወገብ ላይ እንዳይወጋ አስጠንቅቋል፤ ብልቃጦቹ ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። ስሕተቱ ከባድ የጀርባ ሕመም፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያስከትላል፣ ብዙ ጊዜም ይገድላል። ሕፃኑ ከወጣ በኋላ የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም በፍጥነት ወደ ደም ሥር ከገባ ግፊት ይጥላልና ቀስ ተብሎ ይሰጣል።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ ክኒን የሚወስድ ሰው ማሸጊያውን ይዞ ይሂድ፤ በራሱ ግን አያቋርጥ። የትኛውን በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ እንደሚተው፣ የትኛውን እንደሚቀጥል ባለሙያው ይንገረው።