የሽመላውን ዘፈን ለልጅ ልጆቻችን

የልጅ ልጃችሁ ከጋን ሲመለስ «ሀቲክቫ»ን ይዘምርላችኋል። መልካም ነው። መዝሙሩ «ተስፋ» ማለት ነው፤ በ1878 የተቆረቆረችው ከተማችን ፔታህ ቲክቫም «የተስፋ በር»። ይህን ንገሩት፣ ደስ ይለዋል።

እናንተ ግን አገር መውደድን የተማራችሁት በጎንደር፣ ሽመላ ሲያልፍ ሽቅብ እያያችሁ፣ የኢየሩሳሌምን ደኅንነት በዘፈን እየጠየቃችሁ ነው። ካርታም ባንዲራም አልነበረም እኮ! በሱዳን በኩል በእግር የወጣው ሰው ያን ናፍቆት ከልጅነቱ ነው ይዞት የመጣው።

ልጁ አማርኛ አይሰማም ብላችሁ አትተዉት። እናንተ አውጡ፣ እሱ ይቀበል፤ በቀን አንድ ስንኝ ይበቃል። እንደ ወፍ እጁን እያራገበ ይሩጥ፤ «ቀጥ ብለህ ቁም» አትበሉት፣ ትንሽ ልጅ የሚማረው በእግሩም ነው። ትርጉሙን እናቱ በዕብራይስጥ ትንገረው። በመጋቢት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሽመሎች ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ፤ ያኔ ይዛችሁት ውጡና አሳዩት።

በመንገድ የቀሩትን ወገኖች ነገር ግን ለጋን ልጅ አታውሩት። ከፍ ሲል፣ በ28 ኢያር መታሰቢያ ቀን አብሯችሁ ሲቆም፣ ራሱ ይጠይቃችኋል።