የመጪው ዘመን ታሪክ እንዴት ይነበባል?

ታሪክ ያለፈውን ይመረምራል እንጂ የሚመጣውን አይጽፍም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ግን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው «የመጪዎቹ ነገሮች መልክ» በተባለው ልብ ወለድ ያልደረሰውን ዘመን እንዳለፈ አድርጎ ተርኮታል። በዚህ ጽሑፍ መጽሐፉንና ከእርሱ የተሠራውን ፊልም አንሥተን፣ እዚህ ቂሊንጦ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለምንማር ተማሪዎች ምን ትምህርት እንዳላቸው እንመለከታለን።

መጽሐፉ ዶክተር ፊሊፕ ሬቨን የተባለ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ሠራተኛ በሕልሙ ያነበበው የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ የቀረበ ነው፤ ትረካውም እስከ 2106 ይዘልቃል። በ1940 በዳንዚግ ከተማ ምክንያት በጀርመንና በፖላንድ መካከል ጦርነት ይነሣል፤ መንግሥታት ይፈርሳሉ፤ ወረርሽኝ ሕዝብን ይፈጃል። በመጨረሻም አይሮፕላን ነጂዎችና መሐንዲሶች ተባብረው የዓለምን መንግሥት ይይዛሉ። እውነተኛው ጦርነት በፖላንድ ላይ የተጀመረው በ1939 ስለ ሆነ፣ ዌልስ በጦርነቱ ግምት የሳተው በጥቂት ወራት ብቻ ነው።

ፊልሙን አሌክሳንደር ኮርዳ አሠራው፤ ዊልያም ካሜሮን ሜንዚስ አዘጋጀው፤ የፊልሙን ድርሰት የጻፈው ራሱ ዌልስ ነው። በፊልሙ ውስጥ አይሮፕላኖች በከተማ ላይ ቦምብና መርዝ ይጥላሉ። ከብዙ ዓመታት በኋላም የሠለጠኑት አብራሪዎች መጥተው «የሰላም ጋዝ» በመጣል ያልገዛላቸውን ሕዝብ አስተኝተው ያስገብሩታል።

እንግዲህ ቀኑን እናስተውል። ፊልሙ ለንደን ላይ ለሕዝብ የታየው በየካቲት 1928 ዓ.ም. ነበር። ለተመልካቹ የነገ ሥጋት የነበረው ነገር ለእኛ አገር የዕለቱ ኑሮ ነበር፤ የጣሊያን ጦር በ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በሠራዊታችንና በገበሬው ላይ ይጥል ነበርና። ዌልስ ሕልሙን ያነበበውን ሰው የመረጠበት የጄኔቩ ማኅበርም፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀርበው ያሰሙትን አቤቱታ ሰምቶ አገራችንን አላዳነም።

ዌልስ የወደፊቱ ኃይል መሣሪያ ያደረገው አይሮፕላን ለአቃቂም እንግዳ አልነበረም። በዚያ ዘመን አቃቂ ላይ የራዲዮ ጣቢያም የአይሮፕላን ማረፊያም ነበረ። ሆኖም የኢትዮጵያ አይሮፕላኖች ጥቂቶች፣ አብዛኞቹም የጦር መሣሪያ ያልተገጠመላቸው ነበሩ። ስለዚህ ከሰማይ የሚመጣውን ሥልጣኔ ከምድር ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል አያቶቻችንና ቅድመ አያቶቻችን ያውቁት ነበር። ወራሪውም ቢሆን የመጣሁት ሥልጣኔ ላመጣ ነው ይል ነበር።

በዚህ ላይ የዌልስ አሳብ ይጎድላል እንላለን። ዕውቀት ያለው ሰው ሥልጣን ቢይዝ ዓለም ትድናለች ይላል። ነገር ግን መርዙን የቀመመው ኬሚስት፣ አይሮፕላኑንም የነዳው አብራሪ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ትምህርት ክንድን ያበረታል፤ ፍርድን ግን በራሱ አያስተካክልም። ለደራሲው ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ በመጽሐፉ ውስጥ የአየር ገዥዎቹ በመጨረሻ ያለ ደም ከሥልጣን ይወርዳሉ። ፊልሙ ይህን ክፍል ትቶ ወደ 2036 ይዘልና ሰውን ወደ ጨረቃ በሚተኩስ ታላቅ መድፍ ይደመድማል። ስለዚህ ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው የደራሲውን ጥርጣሬ ሳያገኘው ይቀራል።

2036 በእኛ አቆጣጠር 2028 ዓ.ም. ነው፤ ከእኛ ብዙዎቹ ያን ጊዜ መሐንዲሶች ሆነን በሥራ ላይ እንገኛለን። የመጪውን ዘመን ሥዕል የሚያሳየን መጽሐፍም ሆነ ፕላን በቀረበልን ጊዜ «ይሠራል ወይ?» ብለን መጠየቅ ትምህርታችን ነው። «በማን ላይ ይሠራል? እነርሱስ ተጠይቀው ነበር ወይ?» ብለን መጨመር ግን ከአገራችን ታሪክ የተማርነው ግዴታችን ነው።