ሥሩን ተዪው፦ ለወንድሜ ልጅ ያስጻፍኩት ምክር

ልጄ፣ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ሥራ አጥተሽ ደባርቅ እንደተቀመጥሽ፣ «እትዬ፣ እንዳንቺ ጦስኝና ማር ልነግድ» ብለሽ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። ደስ አለኝ፤ ሰጋሁም። እኔ ዳባት ገበያ ጆንያ ዘርግቼ አምስት ልጅ አሳድጌበታለሁ፤ ስለዚህ ተዪው አልልሽም። ግን ያልዘራነውን ነው የምናጭደው፤ ከማጨድሽ በፊት ይህን ስሚኝ።

1. ጦስኝን ቁረጪ እንጂ አትንቀዪ። ይህን የማስቀድመው የራሴ በደል ስላለበት ነው። ልጅ ሳለሁ ከመንደራችን በላይ ባለው ተረተር ከእናቴ ጋር ጦስኝ እንለቅም ነበር። እሷ በማጭድ ትቆርጣለች፤ እኔ ጆንያው ቶሎ እንዲሞላልኝ በእጄ እየነቀልኩ ከነአፈሩ እከታለሁ። አፈሩም ሚዛን ላይ ይረዳኛል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ያ ተረተር ባዶውን ቀረ፤ ዛሬም ሣር እንጂ ጦስኝ የለበትም። ጦስኝ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ እግሩ እንጨት የሆነ ትንሽ ቁጥቋጦ ነው። ለምለሙን ጫፍ ብቻ ብትወስጂበት ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል። ማጭድሽ ስለት ይኑረው፤ የደነዘ ማጭድ ይጎትታል፣ የተጎተተውም ከነሥሩ ይመጣል። ካየሽው ሁሉ ሲሶውን ሳትነኪ እለፊ፤ አብቦ ዘሩን ይጣል፣ ንብም ይቅሰመው። አገራችን ላይ ያሉት ሁለቱ የጦስኝ ዓይነቶች ከኢትዮጵያ ሌላ በዱር የሚበቅሉበት አገር የላቸውም። ካጠፋናቸው ዘር የምንበደርበት ጎረቤት የለንም።

2. በጥላ አድርቂ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጦስኝ ቀለሙ ይገረጣል፣ ሽታውም ይበናል፤ ገዢ ደግሞ አፍንጫውን አስጠግቶ ነው የሚገዛው። ሳይደርቅ በፌስታል አትቋጥሪ፣ ይሻግታል፤ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ጆንያ በዚህ ጥያለሁ። ሲደርቅ ድንጋዩንና ግንዱን ልቀሚ፣ ቅጠሉን አራግፊ፣ ለሻይ የሚሆነውን ከሽሮና ከበርበሬ ቅመም ለዪ። ነጋዴ ጥሬውን በርካሽ ወስዶ ጎንደር ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትርፉን ያገኘሁት ለቅሜ በማምጣቴ ሳይሆን እቤቴ ቁጭ ብዬ በማበጠሬ እንደሆነ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው፤ አንቺ ከዛሬ ጀምሪ።

3. ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ክልል ውስጥ አንዲት ቅጠል አታምጪ። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ግን አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ እስኪወጣም 2009 ደረሰ። በዚያ መካከል ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሏል። ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያት መንደራቸው ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል፤ ተራራው እንዲያገግም መሬታቸውን የለቀቁት እነሱ ናቸው። እነሱ ትተው የወጡትን አንቺ በሌሊት ገብተሽ ብታጭጂው በፊታቸው ታፍሪያለሽ። አስታ ለማገዶ፣ ኮሶ ለጣውላ፣ ማንኛውንም እንጨት ለከሰል አትሽጪ። ደጋ ላይ ብርዱ ዛፍን ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳድገው፤ በአንድ ቀን ገበያ የምትሸጪው አስታ በዕድሜ ከአንቺ ሊበልጥ ይችላል።

4. ማር ሳይከደን አትቁረጪ። ንቡ በሰም ያልከደነው የማር እንጀራ ውሃው ገና አልወጣለትም፤ ይቦካብሻል፣ ስምሽንም ይዞ ይበላሻል። ዋናው ቆረጣ አደይ አበባ ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚያወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ ችለሽ ካቆየሽው ጥር ላይ ሠርግ ሲበዛ ይነሣል። ለንቡ የሚበቃውን ተዪለት። የእኛን ንብ ሳይንስ «ሲመንሲስ»፣ የሰሜን፣ ብሎ ሰይሞታል፤ ቀይ ቀበሮም በሳይንስ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፣ ይህን ስሰማ ኮርቻለሁ። ስኳር የሚቀላቅሉ አሉ፤ አንቺ አታድርጊው፣ አንድ ጊዜ የቀመሰብሽ ጠጅ ጣይ ዳግመኛ አይመለስም። ሰሙን አትጣዪ፤ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትፈልጋለች። ከሁሉ በላይ ግን ንቡን የምታጨሽበትን እሳት ፍሪ። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ውስጥ ያ ሁሉ ጓሳና አስታ ሲነድ፣ ከእስራኤል ድረስ እሳት አጥፊዎች እስኪመጡ ጭሱን እያየን ቆመናል። ያጨስሽበትን ኩበት በውሃ አርሰሽ፣ በእጅሽ ዳብሰሽ፣ መቀዝቀዙን ሳታውቂ ከቀፎው አትራቂ።

5. ጌሾ በጓሮሽ ትከዪ። ዱሩን ከማራቆት ይሻላል፤ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይሄዳል፤ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ገዢ ራሱ ይመጣልሻል።

6. ደብተር ይዞ የሚጠይቅሽን ማንነቱን ጠይቂው። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ታገሺኝ። እንዶድ ልብስ እንደሚያጥብ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ውሃ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በኋላ አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ እዚያ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ የሚባል ባለ ዛጎል እንስሳ የሚያጠፋበትን መንገድ በራሱ ፓተንት አስመዘገበ። ለዐድዋ አጣቢዎች ምን ደረሳቸው? አገራችን ግን በ1998 አዋጅ ቁጥር 482 አውጥታለች፤ የዕፀዋት ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የሚወስድ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ከጥቅሙም እንዲያካፍል ያዛል። የመጣውን እንግዳ ቡና አፍልተሽ አስተናግጂው፤ ግን የፈቃድ ደብዳቤውን ሳታዪ የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚሆን አትዘርዝሪለት።

7. በአንድ ገዢ አትንጠልጠዪ። ለቱሪስት ብቻ ትሸጥ የነበረች ጓደኛዬ በ2012 ኮሮና ሲመጣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በ2013 ክረምት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እኛው አጠገብ ጭና ድረስ ሲመጣ፣ ስንቱን ቀበርን፣ መንገዱም ተዘጋ። የዚያን ጊዜ የረዳኝ ሳልሸጠው ጓዳ ያኖርኩት ደረቅ ጦስኝና ሁለት ገንቦ ማር ነው፤ ከጎረቤት ጋር በጤፍ ተለዋወጥኩበት።

8. ሚዛን ይኑርሽ። በሰው ሚዛን ስንት ዓመት እንደተሰረቅሁ ያወቅሁት የራሴን የገዛሁ ቀን ነው። ሂሳብሽንም በየገበያው ቀን ጻፊ፤ አንቺ ፊደል ቆጥረሻል፣ እኔ በጣቴ ነበር የምይዘው።

አሁን ክረምት ነው፣ ምንም አትንኪ። ጥቅምት ሲገባ ዳባት ነዪ፤ መጀመሪያ ያን ባዶ ተረተር አሳይሻለሁ፣ ቀጥሎ እናቴ ስትቆርጥበት የነበረውን፣ እስከ ዛሬ ያለውን። ማጭድሽን አስለሽ ነዪ።