በባቄላ ሥር ዙሪያ የሚካሄድ የሞለኪዩል ግንኙነት፦ የአርሲ ደጋ አሲዳማ አፈር ለናኖ ማሽኖች ንድፍ ያለው ትርጉም

ከአሰላ እስከ በቆጂ በተዘረጋው የስንዴና የገብስ ማሳ መካከል ባቄላና አተር እየተፈራረቁ ይዘራሉ። ገበሬው ባቄላን ከስንዴ በፊት የሚያስቀድመው ለምርቱ ብቻ ሳይሆን መሬቱ እንዲያገግምለት ጭምር ነው። መሬቱን የሚያገግመው ደግሞ በሥሩ እባጮች ውስጥ ሆኖ ከአየር ናይትሮጅንን የሚይዘው ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይሁንና ባክቴሪያው ወደ ሥሩ የሚገባው በዘፈቀደ አይደለም፤ አስቀድሞ የኬሚካል መልእክት ልውውጥ ይደረጋል። ይህ ልውውጥ በመጠናቸው ከማይክሮሜትር የማይበልጡ ማሽኖችን እርስ በርስ ለማገናኘት የሚጥሩ መሐንዲሶች ከሚፈልጉት ሥርዓት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

የመሐንዲሶቹ ችግር ከአንቴና ይጀምራል። 1 ማይክሮሜትር ርዝመት ያለው የተለመደ ዓይነት የብረት አንቴና በግማሽ ሞገድ ደንብ ቢሠራ 150 ቴራኸርዝ ገደማ ድግግሞሽ ይፈልጋል። ግራፊን የተባለው የካርቦን ንጣፍ ይህን ወደ 0.1–10 ቴራኸርዝ ሊያወርደው እንደሚችል በጥናት ተመልክቷል፤ ነገር ግን ውኃ ይህን ሞገድ አጥብቆ ይውጠዋል። እርጥብ አፈርም ሆነ የሰው አካል በአብዛኛው ውኃ አዘል ስለሆነ፣ መልእክትን በሞለኪዩል መላክ የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በተለይ በኢያን አክይልዲዝና በባልደረቦቹ ሥራ ጎልቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 የአይትሪፕልኢ 1906.1 መለኪያ ጸደቀ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም ተመራማሪዎች አልኮልን በመርጫና በማራገቢያ እየላኩ በጥቂት ሜትር ርቀት አጭር ጽሑፍ ማስተላለፍ ችለው ነበር። ሠርቶ ማሳያው በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ እንጂ ናኖ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ መርሑን አሳይቷል።

በባቄላው ሥር ላኪውም ተቀባዩም ሁለቱም ወገኖች ናቸው። ሥሩ ፍላቮኖይድ የተባሉ ውሁዶችን ወደ አፈሩ ያመነጫል፤ በባክቴሪያው ውስጥ ያለው ኖድዲ የተባለው ፕሮቲን እነዚህን ሲያገኝ የተወሰኑ ዘረ-መሎችን ያነቃል። ባክቴሪያው በአጸፋው ኖድ ፋክተር የሚባል ሞለኪዩል ይልካል። የዚህ ሞለኪዩል አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1990 በዝርዝር ታወቀ፤ አራት ወይም አምስት የስኳር ክፍሎች ያሉት የካይቲን ሰንሰለት ሲሆን አንድ የቅባት አሲድ ተያይዞበታል። እጅግ በረቀቀ መጠን፣ በአንድ ሊትር ከአንድ ናኖሞል ባነሰ ክምችት እንኳ፣ የሥር ፀጉር እንዲታጠፍ ያደርጋል። የቅባት አሲዱና ሌሎች ተጨማሪ ክፍሎች የአድራሻን ያህል ያገለግላሉ። ለባቄላ የሚስማማው ባክቴሪያ ለአተር፣ ለምስርና ለጓያም የሚስማማው፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር ግን ባዕድ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አደጋ አለ። ካይቲን የፈንገስ ሕዋስ ግድግዳ ዋና ክፍል ነው፤ በአርሲ ስንዴ ላይ በየጊዜው የሚነሣው የዋግ ፈንገስም ይህንኑ ይዟል። ዕፅዋት የካይቲንን ቁራጭ ሲያገኙ እንደ ጠላት ምልክት ቆጥረው ራሳቸውን ይከላከላሉ። ስለዚህ የባቄላ ሥር እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት መልእክቶችን፣ የወዳጅንና የጠላትን፣ በተቀባይ ፕሮቲኖቹ መለየት ይኖርበታል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላም ኢንዛይሞች ኖድ ፋክተርን ይሰባብሩታል፤ አሮጌው ምልክት ከአዲሱ ጋር እንዳይደባለቅ የሚያደርግ ጽዳት ነው። የሞለኪዩል ግንኙነት ሒሳብ ዋነኛ ራስ ምታት ከሆነው የምልክቶች መደራረብ ጋር ይኸው ክፍል በቀጥታ ይገናኛል። አብዛኞቹ የናኖ ንድፎች ላኪውን በዝርዝር ሲያስቡ ለማጽዳቱ ሥራ ትንሽ ቦታ መስጠታቸው ያስገርማል።

ርቀትም ወሳኝ ነው። የአንድ ትንሽ ሞለኪዩል የስርጭት መጠን በውኃ ውስጥ በሰከንድ 500 ካሬ ማይክሮሜትር ገደማ ነው ብንል፣ 10 ማይክሮሜትር ለመጓዝ 0.1 ሰከንድ ይበቃዋል። 1 ሚሊሜትር ግን 17 ደቂቃ ያህል፣ 1 ሴንቲሜትር ደግሞ ወደ 28 ሰዓት ይፈጃል። ጊዜው በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ ነው። በአፈር ውስጥ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነና ሞለኪዩሎች በሸክላና በብስባሽ ላይ ስለሚጣበቁ ጉዞው ከዚህም ይዘገያል። ስለሆነም በማሳ ላይ የሚበተን የናኖ ዳሳሽ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ለሚያስተላልፈው መልእክት በመካከል ሌሎች አስተላላፊዎች ያስፈልጉታል ማለት ነው።

የበቆጂና የአካባቢው ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። የፒኤች መጠኑ ከ5 አካባቢ ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ የፍላቮኖይዱ መመንጨት፣ የኖድ ዘረ-መሎች መነቃቃትና የኖድ ፋክተር መመረት በየፊናቸው ይዳከማሉ፤ የባክቴሪያው ቁጥርም ይቀንሳል። በግንኙነት ቋንቋ ሲተረጎም ላኪው ይደክማል፣ ተቀባዩ ይደነቁራል፣ መካከለኛው መስመርም ይበላሻል። በእንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ዘሩን በራይዞቢየም ሕያው ማዳበሪያ ማሸት ብቻውን ውጤቱ ውሱን ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው፤ መልእክት የማይተላለፍበት ቦታ ላይ መልእክተኛ መጨመር ነውና። በኖራ የአፈሩን አሲድ ማረም ግን መስመሩንም ይጠግናል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት (ካዱ) ጋር ስሙ የሚነሣውና ከአሰላ በስተሰሜን የሚገኘው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከደጋማው የበቆጂ ማሳ ጋር ሲታይ፣ ሁለት የተለያዩ የከፍታና የአፈር ሁኔታዎችን ጎን ለጎን ለማነጻጸር ያስችላል። አንድ የምርምር ተማሪ ኖራ በተጨመረበትና ባልተጨመረበት ማሰሮ ባቄላ ዘርቶ፣ በሥሩ ዙሪያ የፍላቮኖይዱን መጠን በየርቀቱና በየሰዓቱ ቢለካ፣ የሚያገኘው የሁለት ሳይንሶች መረጃ ይሆናል። አግሮኖሚው እባጩን ይቆጥራል፤ የግንኙነት መሐንዲሱ ደግሞ ከዚያው ማሰሮ የመልእክቱን ዘግይቶ መድረስና መጥፋት ያሰላል። ማሰሮዎቹ ውድ አይደሉም፤ አስቸጋሪው የፍላቮኖይዱ ልኬት ነው፤ ለእሱም ክሮማቶግራፊ ያለው ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል።